ደረቴ ላይ የዋለው ልጅ

ሰሜን ላይ ጦርነት በነበረበት ጊዜ እኔ ሆሳዕና ሆስፒታል ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን እንከባከብ ነበር። ባለቤቴ ዘምቷል፤ ድምፁን ከሰማሁ ቆይቷል። ጥይቱ እኛ ጋ ባይሰማም፣ መብራት በሄደ ቁጥር የጄኔሬተሩ ነዳጅ የለም ይሉናል፤ ሕፃናቱ የሚተኙበት ማሞቂያ ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ሄደ። እናቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ደረታቸው ላይ አሰሩ። ከሺንሺቾ የመጣች የወታደር ሚስት ግን በኦፕራሲዮን ወልዳ ገና አልነቃችም።

አማቷን “እናቴ፣ ልብስዎን ከፈት አድርገው ይታቀፉት” አልኳቸው።

“ጡቴ ደርቋል፣ ልጄ። የደረቀ ጡት ምን ያደርግለታል?”

ወተት ሳይሆን የገላ ሙቀት ነው የሚፈልገው ብል ማን ሰምቶኝ! ተናደድኩ። ጋውኔን ፈትቼ ልጁን እኔው ደረቴ ላይ አሰርኩት።

እንዲህ ያሉ ሕፃናት አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ። ዝም ሲል ጀርባውን በጣቴ አሸት አደርገዋለሁ፤ መልሶ ይተነፍሳል። ወደ ማታ እናቱ ነቃች። ፈትቼ እሷ ላይ አሰርኩትና ወጣሁ። ብርዱ ቀጥ ብሎ ደረቴ ላይ አረፈ።

ቤት ገብቼ ትራስ ደግፌ በጀርባዬ ጋደም አልኩ። አልጋው ሰፊ ነው፤ የሚገፋኝም የለም፣ እንደ ልቤ መገላበጥ እችል ነበር። ግን ወደ ጎን መዞር ፈራሁ። ጣቴ ደረቴ ላይ ጀርባ ይፈልጋል፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር አሸት፣ አሸት ያደርጋል።