ባዶ የመሰለችው ባትሪ

እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ግን ይህን በወረቀት ልሞክረው። የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም።

አባቴ ብቸና ውስጥ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበር። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ለአንድ የሞተር ተወዳዳሪ ሠርቷል። ሰውየው ሲያረጅ የሚወዳደርባትን ቀይ ሞተር ለአባቴ ሰጠው። መብራት የላትም፣ ዲናሞ የላትም፤ ካንዴላዋ እሳት የሚያገኘው ከባትሪ ብቻ ነው። ባትሪዋ ከሞተ ግን ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሞተሯ ጓዳ ውስጥ ጆንያ ለብሳ ቆማ ነበር።

የስኳር በሽታ የአባቴን ቀኝ እግር ጨረሰው። ሰኞ ባሕር ዳር እንዲቆረጥ ተቀጠረ፤ እሑድ ልንሄድ ተሰናዳን። አባቴ አላለቀሰም። «ሳይቆርጧት በፊት በዚህች እግሬ አንድ ጊዜ ረግጬ ላስነሳት» ብቻ አለ። ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። «በተረከዜ እረግጣለሁ» አለን።

ለዚህ የሚሆን ባትሪ ብቸና ስላልተገኘ ዓርብ ማለዳ ወደ ሞጣ ላከኝ። የባትሪውን መቀመጫ በሲባጎ ለክቶ፣ ሁለት ቋጠሮ ቋጥሮ ሰጠኝ።

ሻጩ ሁለት ባትሪ አወጣልኝ። አንዱ አሲድ ያለው ከባድ ነበር፤ ከቋጠሮው አለፈ። ሁለተኛዋ ትንሽ ጥቁር ነበረች።

«እህቴ፣ ይቺ ሊቲየም ናት» አለኝ። «ውስጧ አሲድ የለም፣ እርሳስ የለም። ለዚህ ነው የቀለለችው። ባዶ ናት ብለው አሲድ እንዳይጨምሩባት ንገሪያቸው።»

በሲባጎው ስለካት ልክክ አለች። አባቴ ደግሞ ሁልጊዜ የውድድር ሞተር ጠላቷ ክብደት ነው ይል ነበር። እሷን መረጥኩ። በሕይወቴ ብቻዬን የመረጥኩት የመጀመሪያ ነገር ስለነበር መንገዱን ሁሉ ጉልበቴ ላይ ይዣት መጣሁ።

ቤት ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች አባቴን ሊጠይቁ መጥተው ተቀምጠዋል። አባቴ ባትሪዋን በመዳፉ መዘናት፤ ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። በእሱ ሥራ ባትሪ የሚታወቀው በእጅ ነው። የከበደ ሙሉ ነው፤ የቀለለ አሲድ ያልገባበት ነው።

«ልጄ፣ ባዶዋን ነው የሸጡልሽ» አለ።

አንደኛው ሽማግሌ ተቀበሉትና ወደ ላይ ወርወር አድርገው ቀለቧት። «ይቺማ የሳሙና ካርቶን ናት! የሞጣ ነጋዴ ዓይነ አፋር ሲያገኝ ምን ይምራታል?» ሁሉም ሳቁ።

እናቴ «እስቲ ሞክራት» አለችው።

«ለካንዴላዋ እሳት የሚሰጠው ኮይል ምትክ የለውም። በማላውቀው ባትሪ አላቃጥለውም» አላት።

«አባዬ፣ አሠራሯ ነው እንጂ ባዶ አይደለችም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሽማግሌ በተቀመጠበት አባቴን ተሳስተሃል ማለት ግን አልሆነልኝም። «እሺ፣ ነገ እመልሳታለሁ» አልኩ። ሲሄዱ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሲሄዱ ማስታገሻው አስተኝቶት አገኘሁት። ጠዋትም ላስነሣው ፈራሁ። ሻጩ በወረቀት ከጻፈልኝ እኔ መናገር አይኖርብኝም ብዬ ተነሥቼ ወደ ሞጣ ሄድኩ።

ሻጩ ባትሪዋን ከአምፖል ጋር አገናኛት። አምፖሉ ቦግ አለ። «ነግሬሽ አልነበር እንዴ?» አለኝ። ያንኑ በወረቀት እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። የጻፈልኝን ወረቀት ደረቴ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አንድ ነጭ መኪና በሞጣ አቅጣጫ በፍጥነት አልፎን ሄደ። ልብ አላልኩትም።

ቤታችን ተዘግቶ ነበር። ጎረቤታችን ወጥታ ነገረችኝ፤ «መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፣ የተገኘ መኪና አይታለፍም ተብሎ አባትሽ ከእናትሽ ጋር ሄዱ። ‹ልጄ ትምጣ፣ ትንሽ ጠብቋት› እያሉ ነበር።» መኪናው ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቅኋት። ነጭ ነው አለችኝ።

ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር የአባቴን ድምፅ የሰማሁት ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባቱ በፊት ነው። ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣም።

በቀብሩ ዕለት እነዚያው ሽማግሌዎች «ምስጉን ልጅ ናት፤ ለአባቷ ብላ ሁለት ጊዜ ሞጣ ተመላለሰች» ብለው በሰው ፊት መረቁኝ። ያን ጊዜም «አሜን» ብዬ ተቀበልኩ። ባትሪዋን ከሞተሯ ጋር አልገጠምኳትም። ወደ ጓዳም አልገባም። ጊዜ ያስረሳል ይሉኛል፤ እኔ ግን የሚረሳ ነገር አልሆነልኝም።

ያን ሰኞ በእናቴ ስልክ ሁሉንም ነገርኩት። ባትሪዋ ደህና ናት፣ አምፖሉ በርቷል አልኩት።

«ዓርብ ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ሰው ነበረ፣ አባዬ። ሰው ፈርቼ ነው።»

«ሰውማ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ልጄ።»