የአባባ የአክሲዮን አካውንት

አባባ ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። አብረዋቸው የሚሠሩ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት ስለ አክሲዮን ሲያወሩላቸው ሰንብተው ነበርና፣ አባባ ታመው ቤት ከዋሉ በኋላም ነገሩ ከልባቸው አልወጣም። «አካውንት ክፈቺልኝ» ብለው ያዙኝ። እኔ ደግሞ ዛሬ ነገ እያልኩ ገፋሁት።

ምክንያት ነበረኝ። ሐኪሙ ነቀርሳ ነው፣ ጉበታቸው ጋ ደርሷል፣ የቀራቸው ጊዜ አጭር ነው ብሎናል። ሊትልተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ግን የሆስፒታሉን አስተርጓሚ አያስፈልግም ብሎ ራሱ ሲተረጉምላቸው «ጨጓራ ነው፣ በመድኃኒት ይድናል» አላቸው። ኮሪደር ላይ አውጥቼ ጮኽኩበት። «በቁማቸው ልትገድያቸው ነው እንዴ? ተስፋ ከቆረጡ እኮ አለቀላቸው!» አለኝ። እንዳልነግራቸውም ቃል አስገባኝ። እኔም ገባሁ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ውትወታቸው ሲበዛብኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አውሮራ ባለው አፓርትማችን ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥያቄውን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን በቃላቸው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ሲወጡልኝ ሳቄ መጣ። የባንክ አካውንታቸውን ኮኔክት አደረግኩ። ከደሞዛቸው ያጠራቀሟትን ትራንስፈር ለማድረግ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረን።

ገንዘቡን የሚፈልጉት መቼ ነው ይላል። ከአንድ ዓመት በታች፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ከአስር ዓመት በላይ፤ ምረጡ ነው። ምን ዓይነት ጉድ ነው! ዘልዬ ላልፈው ሞከርኩ፤ ካልተመለሰ አላሳልፍም አለ።

«ምን ይላል?» አሉ አባባ።

ነገርኳቸው።

«እኔ ምን አስቸኮለኝ! ከአስር ዓመት በላይ በያቸው። ስሸመግል ይጦረኛል» ብለው ሳቁ።

ክሊክ አደረግኩት። እንባዬ መጣ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ሳልኩ፣ ጉንፋን ነው አልኩ፤ አላስችል አለኝ። ሽማግሌ አባቴ አጠገብ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

አባባ ላፕቶፑን ቀስ ብለው ከጭኔ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ሰው ስለ አክሲዮን እንዲህ አያለቅስም። ሐኪሙ ምን አለ?»

«ጨጓራ ነው ብሏል እኮ አባባ።»

«እሱን ያለው ወንድምሽ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ሐኪሙን ነው።»

ነገርኳቸው። ነቀርሳ መሆኑን፣ ጊዜው አጭር መሆኑን፣ እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ወንድሜን እንዳይቀየሙት ለመንኩ፣ ራሴን ረገምኩ፣ ያልሆነውን ሁሉ ዘባረቅኩ። ገንዘቡም የዚያን ቀን አልተላከም።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። አባባ የጸሎት ሰው ናቸው፤ ማለዳ ማለዳ አልጋቸው ሥር ተንበርክከው ሲማልዱ ድምፃቸው እስከ ኪችን ይሰማኛል። ያመማቸው ለታ እንኳን አያስታጉሉም። አሁን ግን አልተንበረከኩም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ክረምቱን ሙሉ ጌታን የለመንኩት ስለ ጨጓራ ነው።»