በክሬሸሩ ጥላ ሥር

ባሌን ሰፈሩ «ጭልፊት» ነው የሚለው። ድሮን ስለሚያበርር ነው እንጂ ሌላ ጭልፊትነት የለውም፤ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ሠርግ በማንሳት ነው የጀመረው፤ ኋላ ድሮኗን ሲገዛ ከሰው ፊት ተገላገልኩ ብሎ ደስ አለው። ሱቃችን አንድ ክፍል ናት፤ በበሩ በኩል የእኔ የስፌት መኪና፣ ወደ ውስጥ የእሱ ኮምፒውተር። ቀኑን ሙሉ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እንጨቃጨቃለን። የምንጨቃጨቀውም በሮው ነው።

ሮው የሚሉት የፎቶ ፋይል አለ፤ ጥሬው ማለት ነው። የኮምፒውተሩን ሆድ ይሞላል፣ የሰው ስልክ ላይ እሺ ብሎ አይከፈትም፣ ሲከፈትም ከበሽታ የተነሳ ሰው ይመስል ገርጥቶ ነው። «እንደ ሰው በጄፔግ አንሳና ገላግለን!» እለዋለሁ። ጄፔግ ያ ሁሉም በስልኩ የሚላላከው፣ ታምቆ የቀለለው ፎቶ ነው። እሱ ግን ሞቼ እገኛለሁ ይላል። አንድ ቀን በእኔው ሙያ ሊያስረዳኝ መቀሴን አነሳ።

«ስሚ፤ ጄፔግ የተሰፋ ልብስ ነው። ካሜራው ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይቆርጣል፣ የተረፈውን ይጥለዋል። ኋላ አስፉልኝ ብትዪ ጨርቁ ከየት ይመጣል? ሮው ግን ጣቃው ነው። የገባው ብርሃን ሁሉ አለ። ጥቁር የመሰለሽን ቦታ ገልጠሽ ታዪበታለሽ።»

እኔን ማሳመኑ ሳያንሰው በየሻይ ቤቱ «ከሮው የሚያመልጥ የለም!» ሲል ይውላል። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ድንጋይ የሚወጣበት የሰፈራችን ካባ ባለቤት በየሳምንቱ ካባውን በድሮን ያስነሳዋል፤ ከላይ የተነሱትን ፎቶዎች ገጣጥሞ ምን ያህል ድንጋይ እንደወጣ ያሰላለታል። ለዚህ ጄፔግ ይበቃል፤ ሰውየውም ነግሮታል። ባሌ ግን እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ያስቀምጣል። «የካባው ፀሐይ ዓይን ያጠፋል፣ ጥላው ደግሞ ድቅድቅ ነው። አላምነውም» ይላል።

ያን ቀን ድሮኗ ሰማይ ላይ ሳለች ታች ድንጋይ ጫኞቹ ተጣሉ። ሁለት ቡድን ናቸው፤ አንዱን ዶማ የሚሉት ይመራል፣ ሌላውን ቀዩ። ጠቡ የማን መኪና ይቅደም ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። በስድብ ተጀመረ፣ ወደ ድንጋይ ዞረ፣ ከዚያ አካፋ ተነሣ። አንዱ ጥርሱን ተፋ፣ አንዱ ክንዱ ተሰብሮ ተንጠለጠለ። ከክሬሸሩ፣ ከድንጋይ ፈጪው ማሽን፣ ጥላ ሥር ገብተው ሲደባደቡ ታች ላለ ሰው አቧራው ማን ማንን እንደሚመታ አላስለይ አለ። ሲረጋ የዶማ የመጨረሻ ወንድም፣ ትንሹ የምንለው፣ በአፍጢሙ ተደፍቶ አናቱ ተፈርክሶ ተገኘ። ገና ጢም በቅጡ ያልወጣለት ልጅ! 

የካባው ባለቤት የተላከለትን ጄፔግ ለአንዱ አሳየ፣ አንዱ ለሌላው ላከ፤ በማግሥቱ ያላየው ሰው አልነበረም። የትንሹ እግሮች ፀሐዩ ላይ ተዘርግተዋል፣ ከወገቡ በላይ ጥላው ውጦታል። እግሮቹ አጠገብ ቀዩ ብረት ይዞ ቆሟል። በቃ፣ ፍርዱ አለቀ! ጥላውን በስልካቸው ለማብራት የሞከሩ ነበሩ፤ ዝንጉርጉር ግራጫ ሆነ እንጂ ምንም አልወጣበትም። ፖሊስ «እያጣራን ነው» አለ። ዶማ ግን መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ደረቱን እየደቃ ዛተ።

«እኔም እዚያው ጥላ ውስጥ ከነሱ አንዱን ጥያለሁ! የቀዩን ነፍስ ግን በገዛ እጄ ነው የማወጣት!»

ከቀብር እንደተመለስን ባሌ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ጥሬውን ፋይል ከፈተ። ጥላውን ቀስ እያለ ገለጠው። ከጥቁሩ ውስጥ መጀመሪያ መሬቱ ወጣ፣ የክሬሸሩ እግር ወጣ፣ ከዚያ ሰው ወጣ። ከላይ ስለተነሳ ፊቱ አይታይም፤ ያለው ባርኔጣና ጀርባ ነው። በሁለት እጁ የያዘው አካፋ ትንሹ አናት ላይ አርፏል። ጃኬቱ ሰማያዊ ነው፣ ጀርባው ላይ ግን አረንጓዴ ጨርቅ ገብቶበታል።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ያንን አረንጓዴ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰማያዊው ጨርቅ አልቆብኝ ነበር፤ ቀዳዳውን ልታስደፍን ያመጣችው የዶማ ሚስት «ለሥራ ነው፣ እሱ እንደሆነ የሰጡትን አጥልቆ ይወጣል» ብላኝ ወስዳዋለች።

«ዶማ ነው» አልኩ። «የገዛ ወንድሙን!»

«ከዚያ ፀሐይ ወደዚያ ጥላ የገባ ሰው ምን ያያል? የቀዩ ሰው መስሎታል።»

«ለፖሊስ ውሰደው። አሁኑኑ!»

«እናትየዋስ?» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ዛሬ አንዱን ቀብራ፣ ዛሬውኑ ሌላውን ልንገራት? ነገ እወስደዋለሁ።»

አፉን ሳይገጥም በሩ በእርግጫ ተበረገደ። ባሌ ስክሪኑን አጠፋው። ዶማና መካከለኛው ወንድሙ ናቸው፤ ውጭ የድንጋይ መኪናቸው ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ዶማ ሥራ እንደሚገባ ሰው ያንኑ ጃኬት ለብሷል።

«ቀዩን ጠፍረን መኪናው ላይ ጭነነዋል» አለ መካከለኛው። «ጥሬው ፎቶ ይከፈትልኝ እያለ ይምላል። ከሮው የሚያመልጥ የለም ያልከው አንተ ነህ። እኔ ሳላይ ሰው አልገድልም። ክፈተው!»

ባሌ ዶማን አየ። «ፋይሉ ተበላሽቷል» አለ።

ዶማ በቡጢ አፉን አለው። ከወንበሩ ሳይወድቅ በማጅራቱ ይዞ ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው፤ ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተንዠቀዠቀ። «ተበላሸ? ስንት ብር ሰጡህ፣ አንተ ውሻ!» እያለ ደገመው። እኔ መቀሴን ይዤ ተነሣሁ፤ መካከለኛው እጄን ጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር ለጠፈኝ።

«እናንተ አውሬዎች! እጃችሁ ይሰበር! ዝንብ የማይነካ ሰው ነው የምትገድሉት!»

ዶማ ባሌን ለቀቀውና አፉን በእጅጌው ጠረገ። «እንግዲያው ነገሩ አበቃ። ቀዩን ከካባው አፋፍ እንለቀዋለን። ና እንሂድ።»

ከመኪናው ላይ ድምፅ መጣ። «በእናታችሁ!» ይላል ቀዩ። «ልጆች አሉኝ! በእናታችሁ!» ከዚያ ማቃሰት ብቻ ሆነ።

«ቆዩ!» አለ ባሌ። የተሰበረ ጥርሱን በመዳፉ ተቀበለው። «አልተበላሸም። ዋሽቻችሁ ነው።» ዞሮ እኔን አየኝ። ዓይኑ አንዱ አብጦ ተዘግቷል፣ በሌላው ይለምነኛል።

«ክፈተው» አልኩት። ምን እላለሁ? ውጭ ሰው እያለቀ ነው።

ከፈተው። በመጀመሪያ የሚያውቁት ጥቁር ጥላ ነበር። ባሌ ገለጠው፤ መሬቱ ወጣ፣ የክሬሸሩ እግር ወጣ፣ ሰውየው ከነአካፋው ወጣ። ዶማ ትንሹን ሲያይ ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ጎነበሰ።

«ይሄ ነው! ቀዩ አይደለም፣ ይሄ ነው!» ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። «ይሄ አረንጓዴ ጀርባ ማነው? ከነሱ ማን ነው እንዲህ የሚለብሰው? ተናገር! ማነው?»

ባሌ አንገቱን ደፋ። እጄን የጨመቁት ጣቶች ሲላሉ ተሰማኝ። መካከለኛው ስክሪኑን አየ፣ ከፊቱ የጎነበሰውን የወንድሙን ጀርባ አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። እጄን ለቀቀኝና ግድግዳውን ያዘ።

«ጋሼ» አለ።

«ታውቀዋለህ?» አለ ዶማ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ንገረኝ! እናታችንን ልጅ ያሳጣ ሰው አያድርም! ማነው?»

«ጋሼ» አለ መካከለኛው። «ጃኬትህን አውልቅና እየው።»