ቸኩሎ የሚዞረው ቴፕ

ባለፈው እሁድ ምሳ በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ ልጄ ሊዲያ ስልኳን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ያ ሙዚቃህ ተገኘ» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ አጠገብ አስጠግታ ከፈተችው። በወጣትነቴ ጣቶቼን ያደማሁበት፣ ዛሬም መድረክ ላይ ስወጣ ሰው «እሱን ተጫወትልን» የሚለኝ የሄቪ ሜታል ጊታር ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችና «ይሄ ሰውዬማ ካንተ ያንሳል፤ ቀርፋፋ ነው» አለች። ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ፍጥነቴን ከየት እንዳመጣሁት ለማንም በቅጡ ተናግሬ አላውቅም።

የተወለድኩት መቱ ነው። አባቴ ከሰሜን በሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ እሱ በሕይወት አልነበረም። ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ሁሉ ወደ ኦሮምኛ ዞሯል። እኔ በኦሮምኛ ገበያ መሃል ተከራክሬ የሚረታኝ አልነበረም፤ በቁቤ ጻፍ ስባል ግን ላብ ያጠምቀኛል። ስለዚህ የአባቴ ወንበር ለእኔ አልሆነም። የቀረችኝ ሙያ በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ፣ በተሰነጠቀ ጊታር የተማርኳት ብቻ ነበረች።

በከተማው ኤሌክትሪክ ጊታር የነበራቸው እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ የሆቴል ባለቤት ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው ሙዚቀኛ ኪቦርዳቸውን ይዞ ስለጠፋባቸው፣ ያለ ዋስ ሰው ላለመቅጠር ምለዋል። ዋስ የሆኑኝ ጋሽ ሞቱማ ነበሩ፤ የአባቴ ወዳጅ፣ ከሆቴሉ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ። «ልጁ ቢጠፋ እኔው ፈልጌ አቀርባለሁ» ብለው ፈረሙልኝ። ወረቀቱ ላይ እስከ መቼ የሚል ቃል አልነበረም። እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ደስ ብሎን በረንዳው ላይ ዳቦ በነጭ ማር በላን።

ደስታው ሦስት ወር ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ ያው ዘፈን፣ ያው ምት፣ ያው ሰው። መምህራኑና የቡና ነጋዴዎቹ ተነስተው ይጨፍራሉ፣ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሦስት ቦታ ብቻ እየነካሁ አጅባለሁ። ትንሽ ላስረዝመው ስል እትዬ ብዙነሽ ከባንኮኒው ጀርባ በዓይናቸው ይቆጡኛል። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ጎደሬ በዳጣ ሲቀርብ መጀመሪያ ለእኔ ነበር የሚያስቀምጡልኝ። ግን ሰው በልቶ ጠግቦም ይታፈናል። ደግሞ የኢሉባቦር ዝናብ አለ። እኛ አገር ዝናብ የሚያባራው ሰላም ለመባባል ያህል ነው፤ ደመናው ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ሳምንት ሲከርም አገር ሁሉ እዚህች ከተማ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ባለ አንድ ሳምንት ነው አስራት የሚባል የቡና ጭነት መኪና ሾፌር ከአዲስ አበባ ካሴት ያመጣልኝ። ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፤ ማን ረስቶበት እንደሄደ እሱም አያውቅም። «ጩኸት ነው፣ ምናልባት አንተ ይገባህ ይሆናል» አለኝ። በሆቴሉ ቴፕ ከፈትኩት። መጀመሪያ የሰማሁት የሶር ፏፏቴን ከሥሩ ቆመው ሲሰሙት ያለውን ዓይነት ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ጊታር ብቻውን ወጥቶ መሮጥ ጀመረ። ቁጭ አልኩ። ሰው በስድስት ክር እንዲህ መሮጥ እንደሚችል እስከዚያ ቀን የነገረኝ የለም።

ስለዚያ ቴፕ አንድ ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት ተበላሽቶ የከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ የሌላ መሣሪያ ሞተር ገጥሞለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቴፕ የሚዘፍን ሁሉ ድምፁ ትንሽ ቀጠን፣ ጭፈራውም ትንሽ ፈጠን ይላል። ደንበኛው ሞቅታ ነው ብሎ ወደደው፣ እኛም ለመድነው። እኔ ደግሞ ያን ካሴት ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም።

ሆቴሉ ባዶ በሚሆንባቸው ቀናት፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከዚያ ጊታር ጋር እሮጥ ጀመር። መጀመሪያ ላይ አልደረስኩበትም። ክሮቹን ከካሴቱ ድምፅ ጋር ለማስማማት ወደ ላይ ሳከራቸው ይበጠሳሉ፤ መቱ ውስጥ የጊታር ክር የሚሸጥ ስለሌለ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተርትሬ እተካለሁ። ሽቦው ጣቴን ይቆርጠዋል። በጨርቅ ጠቅልዬ እቀጥላለሁ። እንዲህ ስሆን የሚሰማኝ ሰው አንድ ነበር፤ ጋሽ ሞቱማ ከመንገዱ ማዶ የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ «ሱታ!» ይሉኛል በኦሮምኛ፤ «ቀስ በል እንጂ፣ ክሩም ይበጠሳል!» ለራሳቸው ክር የሚናገሩ ይሁን ለእኔ አላውቅም ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ነሐሴ አስራት ተመልሶ መጣና አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይህንኑ ጩኸት የሚጫወቱ ልጆች እንዳሉ፣ ጊታር የሚመታላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገረኝ። አድራሻቸውን በሲጋራ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። መሄድ እንዳለብኝ አወቅሁ። መሄድ እንደማልችልም አወቅሁ፤ እኔ ከጠፋሁ የሚጠየቁት ጋሽ ሞቱማ ናቸው። እሳቸው ፊት ቆሜ «ይልቀቁኝ» ልል ሦስት ቀን ሞከርኩ። አፌ አልፈታ አለ። አባቴ በሞተ ጊዜ ለቀብሩ ኮት የሰፉልኝ ሰው ናቸው፤ እንዴት ብዬ? የባሰውን መረጥኩ።

ንጋት ላይ ጊታሩን በበቆሎ ጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጆንያውን ዳሰስ አድርገው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጎደሬ ነው አልኳቸው። «ጎደሬ አንገት አለው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሁሩሙ ስንደርስ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። የገበያ ቀን ነበር። ወንዶቹ ሲገፉ፣ ረዳቱ ከጎማው ሥር ቅጠል ሲያነጥፍ፣ እኔ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ገበያው ዳር ቆምኩ። እዚያ ልብስ ሰፊዎቹ ሸራ ወጥረው ተደርድረዋል። አንደኛው ሽማግሌ ክር በምራቃቸው እያራሱ መርፌው ዓይን ውስጥ ማስገባት አቅቷቸው ደጋግመው ይሞክራሉ። በቆሎው አፌ ውስጥ ተንከራተተ። አውቶቡሱ ተነስቶ ጡሩምባ ሲነፋ ሰማሁት፤ ረዳቱም «ባለ ጎደሬው!» እያለ ተጣራ። አልሄድኩም። ጆንያዬን ተሸክሜ ወደ መቱ የምትመለስ ሚኒባስ ፍለጋ ሄድኩ።

መቱ ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ጋሽ ሞቱማ የሆቴሉ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ብዙነሽ «ልጁን እስኪያቀርቡ ከዚህ አይነሱ» ብለዋቸው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ማዶ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናቸው በላስቲክ ተሸፍኖ ዝናብ ይመታዋል። ሲያዩኝ አልተቆጡም። የጠየቁኝ «በላህ?» ብለው ነው። በቆሎ በልቻለሁ አልኩ።

ከዚያ ተነስተው እጄን ያዙና ወደ ውስጥ አስገቡኝ። እትዬ ብዙነሽ ከባንኮኒው ጀርባ ነበሩ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ዋስ የሆንኩት ልጅ ይኸው። ጊታርዎም ይኸው። ሁለቱንም በእጅዎ አስረክቤአለሁ፤ ከአሁን ጀምሮ ዋሱ አይደለሁም» አሉ።

እትዬ ብዙነሽ ጊታሩን ከጆንያው አውጥተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሌላ ዋስ ካላመጣህ ይህን ዕቃ አትነካውም አሉኝ። ሌላ ዋስ እንደማላመጣ ነገርኳቸው። ታዲያ ቅዳሜ ማን ሊጫወት ነው ሲሉ እኛ ወደ በሩ ዞረን ነበር።

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ሞቱማ ቆም አሉ። «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ዋስ የሚወርደው ሰውየውን ሲያስረክብ ነው። ጠይቀኸኝ ቢሆን አምና አስረክቤህ ነበር። አሁን ሂድ፤ ግን በበሩ ውጣ» አሉኝ።

አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ያን ያህል ታስሬ የኖርኩት አንድ ቃል ማውጣት አቅቶኝ ነበር። በማግስቱ ያለ ጊታር፣ እጄን እያወዛወዝኩ ሄድኩ።

ጋራዡ ውስጥ አራት ልጆች ነበሩ። ጊታር አዋሱኝና ያን ሙዚቃ ተጫወትኩላቸው። ስጨርስ ከበሮ መቺው «እኛ በዚህ ፍጥነት አንችልም» አለ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ከዚያ ያንኑ ሙዚቃ ከራሳቸው ካሴት ከፈቱት። ጊታሩ ወፍራም ነው፣ ዝግ ያለ ነው። ቴፓችሁ ታሟል አልኳቸው። ሌላ ቴፕ አመጡ፤ ያው ነው። ያኔ ያ ለሆቴሉ ቴፕ የተገጠመው ሞተር ትዝ አለኝና ጎማዎቹ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ያሳደድኩት ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ልጆቹ ግን እዚያው አስቀሩኝ፤ በዚያ ፍጥነትም እስከ ዛሬ እንጀራ በላሁበት።

ከዓመታት በኋላ የራሴን ጊታርና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ ይዤ መቱ ተመለስኩ። ጋሽ ሞቱማ ዓይናቸው ደክሞ መስፋት ትተዋል፤ ያው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ሙያዬን ላሳያቸው ብዬ እንደ መድረኩ አድርጌ ተጫወትኩላቸው። ያጨበጭባሉ ብዬ ነበር። እሳቸው እጃቸውን አንስተው ጉልበቴ ላይ አሳረፉት።

«ሱታ፣ ያ ጉርባ» አሉ። «አሁን ማን እያባረረህ ነው?»

እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ይህን ሁሉ ለሊዲያ ከነገርኳት በኋላ ጊታሬን ከግድግዳው አወረድኩና ከስልኳ ጋር ልጫወት ሞከርኩ። ገና ጅማሬው ላይ ጣቶቼ ጥለውት ሄዱ። ሊዲያ አቆመችውና ከመጀመሪያው ከፈተችልኝ። እንደገና ቀደምኩት። እሷም ሳትሰለች እንደገና ከፈተችው። በአምስተኛው እስከ ግማሹ ድረስ ከሰውየው ጋር እኩል ሄድኩ።