የአባባ ትንፋሽ

ሆዴ ነገር አይችልም። ያየሁትን ሳልናገር ካደርኩ ያመኛል። ይሄ ጠባዬ ብዙ ሰው አስቆልኛል፤ አንድ ሰው ግን አሳጥቶኛል፣ አባቴን። «ታጋንኛለሽ» የሚሉኝ አሉ። ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቂርቆስ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ አባባ፣ እማዬና እኔ። እኔ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አባባ ደግሞ ስታዲየም አካባቢ መዝገብ ቤት ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ በእግሩ እስከ ካዛንቺስ መጥቶ ይጠብቀኛል፣ ከዚያ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን። ሃያ አራት ዓመቴ ነው እኮ! «አባባ፣ ልጅ አይደለሁም» ብለው አይሰማም። እያጉረመረምኩ አብሬው እሄድ ነበር።

አባባ በወጣትነቱ ይጠጣ ነበር። ማለቴ፣ እንደ ሰው ቀመስ አድርጎ መተው አይደለም፣ ክፉኛ። እኔ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም። ሰርግ ቤት ጠላ ሲዞር ብርጭቆውን ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው። ግዝት ማፍረስ እኛ ቤት ከስርቆትም ይከፋ ነበር።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ አባባ መክሳት ጀመረ። ማን ልብ ይበል? በሁዳዴ ማን ይወፍራል! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይውላል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሲንጠለጠል እማዬ እንዲያውም ጾሙ ሠምሮለታል ብላ ደስ አላት። ከጾም ሲፈታ ግን ውኃውን በጆግ ነው የሚጨልጠው። ሌሊትም ደጋግሞ ይወጣል። ሽንት ቤቱ የግቢው ሰው ሁሉ የሚጋራው ስለነበር የቆርቆሮ በሩ በጮኸ ቁጥር እንነቃለን። ስንጠይቀው ብርድ መቶኝ ነው አለ፣ በቃ፣ አመንነው።

ሽታው የመጣው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ወደ ቤት ስንሄድ ዞር ብሎ ሲያናግረኝ ትንፋሹ ጣፈጥ አለብኝ። የበሰበሰ ሙዝ ነገር፤ ደግሞ የጥፍር ቀለም የምናስለቅቅበት አሴቶን ነገር። አባባን አውቀዋለሁ፤ የመዝገብ አቧራና የልብስ ሳሙና ነው የሚሸተው። ይሄኛው ትንፋሽ የሱ አልነበረም። ትዝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በልጅነቴ ጠጥቶ ገብቶ ሲስመኝ የሚሸተኝ። 

እሱ ብቻ ቢሆን እንኳ ችዬ ዝም እል ነበር ይሆናል። በሳምንቱ ግን ከቢሮ ቀደም ብዬ ብወጣ አባባን ከአንድ ግሮሰሪ ሲወጣ አየሁት። ሲያየኝ ደነገጠ። እዚያ ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው ሰው ጠርቶት እንደገባ ነገረኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አባባ ውሸት አይችልበትም፣ ያስታውቃል። እውነቱን የነገረን ባለግሮሰሪው ነው፤ እሱም ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ። ለካ አባባ ሽንቱ አላስቆም ብሎት ሽንት ቤት ለምኖ ነው የገባው፤ ያንን ሳምንት በየቀኑ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ኮት የለበሰ፣ ለሴት ልጁ ሽንቴን መያዝ አቃተኝ ብሎ እንዴት ይንገራት?

እኔ ግን ቤት እንደደረስን እማዬን ማድቤት ጠርቼ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።  ራት ላይ እጁን ስታስታጥበው ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችና ጠዋት ነጠላዋን ደርባ ወደ ነፍስ አባታችን ሄደች።

እሑድ መጡ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ተቆጥተው አያውቁም። አባባን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ግዝቱን አፍርሶ እንደሆነ ጠየቁት።

«አልጠጣሁም፣ አባ» አለ።

እሳቸው እማዬን አዩዋት፣ እማዬ እኔን አየችኝ።

«ሸቶኛል» አልኩ። «ከግሮሰሪም ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

አባባ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ኖሮ ዛሬ ይሻለኝ ነበር። እማዬ ማልቀስ ስትጀምር ከወንበሩ ተነሥቶ ተንበረከከና የሚያዝዙትን ሁሉ እፈጽማለሁ አለ። ባልሠራው ኃጢአት ለምን ተንበረከከ? ብዙ አሰብኩበት። ቤቱ እንዳይፈርስ ብሎ ነው፤ ሌላ መልስ አላገኘሁም። የነፍስ አባታችንም ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠር የአሥራ አራት ቀን ቀኖና ሰጡት። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምስም፣ በየቀኑም አርባ አንድ ስግደት ይሰግዳል። በእርግጥ ጤናውን ጠይቀውታል። ደህና ነኝ አላቸው።

ዛሬም የሚያሳብደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አባባ በጾመ ቁጥር ሽታው ባሰ። ሲሰግድ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚነሣው፤ ሲያለከልክ ያ የሙዝ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። እኛ ታዲያ ምን አልን? አሁንም ይጠጣል አልን! እማዬ መኝታ ለየች። ኮቱን እየበረበረች ጠርሙስ ትፈልግ ነበር። እኔ ከሥራ ስወጣ እሱ በማይጠብቅበት በኩል ዞሬ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። እሱ ግን እየመጣ ይቆም ነበር። አንድ ሰዓት ቆሞ፣ ስቀርበት፣ በዚያ ጉልበቱ ብቻውን ተመልሶ ይገባል። የት ነበርሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

አንድ ማታ ሲሰግድ ጉልበቱ ከድቶት ወደቀ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቀና እስኪል ቆየ። እኔ ምላሴን ይቁረጠውና ከአልጋዬ ሆኜ «ጠጥቶ መስገድማ ይከብዳል» አልኩት።  ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተነሣና ከወደቀበት ቀጥሎ ቆጠረ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አልነቃም። ትንፋሹ እየጠለቀ፣ እየፈጠነ፣ ተራራ እንደወጣ ሰው ይተነፍሳል። ሲጠሩት ያቃስታል እንጂ ዓይኑን አይገልጥም። እማዬ ሌሊት የት ሄዶ ጠጣ አለች። እኔም ይተኛ፣ ሲበርድለት ይነሣል አልኩ። ይኸው፣ እውነቱን ልናገር፤ እስከ አምስት ሰዓት ተውነው። ጥፍሩ ሲጠቁር አይታ የጮኸችው ጎረቤታችን ናት። ታክሲ አስቁመን ሐኪም ቤት ወሰድነው።

ነርሷ ወጣት ናት፣ የኔ እኩያ። ገና ጎንበስ እንዳለችለት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ስኳር እንዳለበት ታውቃላችሁ?» አለች።

እማዬ አንገቷን ደፍታ፣ በሹክሹክታ፣ ጠጥቶ ነው ብላ ነገረቻት።

«አይደለም እማማ፣ ይሄ የመጠጥ ሽታ አይደለም። ስኳር ሲጠና ትንፋሽ እንዲህ ይሸታል። ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው?»

 ከጀመረው አንድ ወር ሊሆነው ነው። ያን ሁሉ ቀን ሁለት ሴቶች ስናሸተው ከረምን፤ እሷ በአንዴ አወቀችው። ውኃ ማጣቱና ረሃቡ እንዳባባሱበት፣ ስኳሩም እጅግ እንደወጣ ሐኪሙ ሲያስረዳን እማዬ ኮሪደሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ የተሰቀለለትን መድኃኒት ስታይ፣ እግሩን ስታሽ አደረች። ሲነጋ ግዝቱንም ቀኖናውንም እንዲፈቱለት የነፍስ አባታችንን ልትጠራ እየሮጠች ወጣች።

እሷ እንደወጣች አባባ ነቃ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑን አዟዙሮ እኔን አየኝና ቀኑን ጠየቀኝ። ረቡዕ ነው አልኩት።

«ሦስት ቀን ቀርቶኛል» አለ። «እጨርሰዋለሁ በያት እናትሽን።»

በጆሮው ልነግረው ተጠጋሁ። ፊቴ ሲቀርበው ጋቢውን ስቦ አፉን ሸፈነ፣ እንዳይሸተኝ። ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አባባ፣ መጠጥ አይደለም፤ ስኳር ነው። አልጠጣህም፤ አውቀናል። ይቅር በለኝ» አልኩት። ጋቢውን ከአፉ ላይ ላነሣለት ስል አጥብቆ ያዘው። ያ ሰው፣ ውኃ የሚያነሣበት ጉልበት እንኳ ያልነበረው፣ ያንን ጋቢ ላስለቅቀው አልቻልኩም። «ተይ ልጄ» ብቻ ነው ያለው፣ በጋቢው ውስጥ ሆኖ።

የነፍስ አባታችንና እማዬ ሲደርሱ አልፏል። ሽማግሌው መስቀላቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቀሩ። እማዬ አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ ጋቢውን ገለጠችና አፉን ሳመችው። እኔ መቅረብ አፈርኩ።