የሳቶሚ እናት ሰፌድ

መስከረም ጠብቶ አደዩ ሜዳውን ሲያለብሰው ሆዴን የሚያባባው እንቁጣጣሹ አይደለም፤ የእትዬ አሰገደች በረንዳ ነው። ደብረ ማርቆስ ለሥራ ስመጣ አከራዬ እሳቸው ነበሩ። ክረምቱ ወጥቶ አክርማና ስንደዶ ሲቆረጥ በረንዳውን በሣር ይሞሉታል፤ ከዚያ በኋላ ለሰላምታ እንኳ ቀና አይሉም። እጃቸው ወስፌ ካልያዘ፣ አፋቸው ሰው ካልተረበ ያማቸዋል። ቤት ከቀየርኩ ቆየሁ፣ ግን ያ በረንዳ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሳቶሚ የምትባል ጃፓናዊት አስተማሪ ነበረች። አማርኛዋ ይሰባበራል እንጂ ይገባል። ግድግዳዋ ላይ አንዲት ሥዕል ያለባት ጨርቅ ትሰቅላለች፤ ወቅት ሲለወጥ ጨርቋንም ትለውጣለች። ጥቅምት ሲቃረብ ቀይ ቅጠል ያለበትን አወጣች።

"አሁን በእኛ አገር ዛፉ ሁሉ ይቀላል። ሰው ምሳውን ይዞ ቅጠል ሊያይ ተራራ ይወጣል" አለችን።

"ቅጠል ለማየት ስንቅ ይቋጠራል?" አሉ እትዬ አሰገደች እየሳቁ። "እኛስ ስንቅ የምንቋጥረው ለንግሥ ነው።"

"ለእናቴም ንግሥ ነው" አለች ሳቶሚ።

በዚያው ሰሞን እናቷ ታመሙባት። በየዓመቱ ቅጠል ሊያዩ ተራራ የሚወጡት ሴት ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። ሳቶሚ ጠቅልላ ልትሄድ ተነሣችና አንድ ሥዕል ይዛ በረንዳው ላይ መጣች። እናቷ ዘንድሮ ያላዩት ቅጠል የተሰፋበት ትንሽ ሰፌድ እንዲሠሩላት ፈለገች። በሥዕሉ ላይ ቀያይ ቅጠሎች ባንድ ወገን ተበትነዋል፤ ሌላው ወገን ምንም የለበትም።

"እዚህ ባዶ ይሁን። ነፋሱ ነው" አለች።

እትዬ አሰገደች አለላውን በቀይ ቀለም ነክረው ጀመሩ። የመጣ ጎረቤት ሁሉ ግን ሰፌዱን እያየ "ምነው እትዬ፣ ቀለም አነሰዎት?" ይላል። ቻሉት፣ ቻሉትና ይሉኝታው አሸነፋቸው።

"ግማሹ ባዶ ሆኖ ባሕር ቢሻገር የጎጃም ሴት ሰፍታ መጨረስ አቃታት አይሉም?" አሉኝ።

"ኧረ እትዬ፣ ልጅቷ እኮ ባዶ ይሁን ብላለች።"

"አንቺ ዝም በይ። ለታመመ ሰው ባዶ ነገር አይላክም" ብለው አፌን አስያዙኝ። ባዶውን በቢጫ አደይ አበባ ሞሉት።

ሳቶሚ ሰፌዱን የተቀበለችው ሻንጣዋን ዘግታ መኪና ስትጠብቅ ነው። ባዶ ይሁን ያለችውን ወገን በጣቷ ዳሰሰች። ነፋሷ የለም፤ ሌላ የሚሰፋበት ጊዜም የለም። በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ አመሰገነች፣ ፊቷ ግን ልክ አልነበረም። እትዬ አሰገደችም አይተዋታል። መኪናው ከሄደ በኋላ "አበላሸሁባት መሰለኝ" አሉ። ብዙ ቀን ተረብ የሚባል ከአፋቸው አልወጣም።

ኅዳር ላይ ሳቶሚ በስልኬ በቪዲዮ ደወለችልን። እናቷ አርፈዋል። ሰፌዱ እስከ መጨረሻው አጠገባቸው ነበር።

"ቅጠሉን ታውቀዋለች፤ የጠየቀችኝ ስለ ቢጫው ነው" አለች። "የእኛ ቅጠል ሊረግፍ ሲል የእናንተ ሜዳ ያብባል ብዬ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሜዳ አውሪኝ ትል ነበር።"

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአገሯ አስከሬን እንደሚቃጠል፣ ሟች የወደደው ነገርም አብሮት እሳቱ ውስጥ እንደሚገባ ነገረችን። ሰፌዱ ከእናቷ ጋር ሄዷል። "ያን ያህል ለፍተውበት፣ ይቅርታ" አለቻቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን "እግዜር ያጽናሽ ልጄ" ብለው ስልኩን መለሱልኝና፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በረንዳው ላይ ለቅሶ ተቀመጡ። ጎረቤት የዘመድ መርዶ መስሎት እየሮጠ ገባ። የሞቱት የሳቶሚ እናት መሆናቸውን ሲሰሙ፣ አንዷ "ለማያውቋት ሴት?" አለቻቸው።

"የእጄን ሥራ ይዛ እግዜር ፊት የቀረበች ሴት እንዴት አላውቃትም?" አሉና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

የጠየቀቻቸው ሴት ነጠላዋን አዘቀዘቀችና አጠገባቸው ተቀመጠች።