የጎማ ልክ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም

ዛሬ አፋር፣ ዲቾቶ ላይ ወንዶች ከበውኝ «ገባ እኮ! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲሉኝ «አውጡልኝ!» አልኳቸው።

ጎማዬ ፈንድቶ ጎሚስታ ጋ ቆሜ ነው። የያሪስ መኪናዬ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ልክ 175/65/14 ይላል። ጎሚስታው ያመጣልኝ ደግሞ 185/70/14 ነው።

መጨረሻው 14 ስለሆነ ቸርኬው ላይ ልክክ ብሎ ገባ። የፊተኞቹ ቁጥሮች የጎማው ስፋትና ቁመት ናቸው፤ እነሱን ግን ማንም ማየት አልፈለገም።

«እንደውም መኪናሽን ከፍ ያደርግልሻል» አለ ጎሚስታው።

አንዱ ሹፌር «እኔም ከልኩ ከፍ ያለ ነው ያሰርኩት። ካላመንሽ ለባልሽ ደውዪለት» አለኝ።

(ባሌ መንዳት አይችልም። ሥራ ቦታው የማደርሰውም እኔ ነኝ።)

ጎማው ሲታሰር መኪናው ውስጥ ገብቼ መሪውን እስከ ጥግ አዞርኩና ትንሽ ነዳሁት። ክርርር! ጎማው ከላዩ ያለውን ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን ፋቀው።

«እየተበላ ይስተካከላል፣ እህቴ» አለ ጎሚስታው።

ወላሂ አይሆንም! በዚህ ሙቀት የሚፋቅ ጎማ ይዤ ሰመራ ድረስ አልሄድም። «ልኩ እስኪመጣ ከዚህ አልነቃነቅም» ብዬ ቁጭ አልኩ።

ልኩ ከየት ቢመጣ ጥሩ ነው? ከዚያው ከጎሚስታው የጎማ ክምር ሥር! ለካ በዚህ ፀሐይ ክምሩን ማንሳት ሰልችቶት ኖሯል።

ልኩን አሳስሬ ስወጣ ያ ሹፌር የራሱ መኪና ጎማ ሥር በርከክ ብሎ፣ የተፋቀውን ፓራፋንጎ በእጁ ይዳብሳል።

መስኮቴን ዝቅ አድርጌ «ለሚስትህ ልደውልልህ?» አልኩት።

«ገባ እኮ» ተብላችሁ ያለልኩ ጎማ ያሰራችሁ፣ እስኪ ኮሜንት ላይ ውጡ። ባሎችም ተፈቅዶላችኋል።